የልዕልት ፀሐይ አጭር ሕይወትና የእኛ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት



ለዚህ እትም ጽሑፍ የማቅረቡ ተራ የደረሰው ለእኛ ክፍል ነው። የተሰጠን ርእስ ወጣቶች በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን ለመርዳት እንዴት መሠልጠን እንደሚገባቸው የሚል ነበር። በመጀመሪያ ምክር የሞላበት ሁለት ገጽ ጻፍንና ለራሳችን ብናነበው እኛኑ እንቅልፍ ስለ መጣብን ተውነው። በእርሱ ፋንታ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት የሕይወት ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወስነናል፤ እኚህም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስማቸውን ከታላላቆቻችን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በስማቸው ተሠርቶ የነበረው ሆስፒታል ግን ዛሬ በሌላ ስም ስለሚጠራ፣ በእኛ ዕድሜ ያለን ብዙዎቻችን ማን እንደ ነበሩ ሳናውቅ አድገናል።

ወደ እርሳቸው ታሪክ የመራን በአጋሮ መንገድ የደረሰ አንድ አደጋ ነው። በኅዳር ወር፣ የቡናው ለቀማ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ከእኛ መካከል አራታችን ከአጋሮ ወደ ጅማ ስንመለስ ለቃሚዎችን የጫነ አይሱዙ ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጦ አገኘን። ከሚኒባሱ ዘለን ወርደን ሮጥን። አንድ ጎልማሳ ሰው ወገቡን ይዞ ይጮህ ነበር፤ ሁለታችን በብብቱ፣ ሁለታችን በእግሩ ይዘን አነሣነውና በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አጣጥፈን አስተኛነው። ራሷን ስታ የነበረችውን ልጅ አፏን ከፍተን ውኃ አጠጣናት። ደም የሚፈሰውን የአንዱን እግር በገመድ አሠርን፤ ገመዱን ያሠርነው ግን ከቁስሉ በታች ነበር። ማታ ልብሳችን በደም ተበክሎ ወደየቤታችን ስንገባ ሰፈሩ ሁሉ አመሰገነን፤ እኛም ኮራን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ሲስተር የመጀመሪያ ርዳታ ሊያስተምሩን ወደ አዳራሻችን መጡ። ያደረግነውን በኩራት ነገርናቸው። ሲስተር ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወለሉ ላይ ሰሌን አስነጥፈው፣ ወገቡ ወይም አንገቱ የተጎዳ ሰው ሳይታጠፍ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ እንዴት እንደሚነሣ ያሳዩን ጀመር። ቀጥለውም ራሱን የሳተ ሰው ውኃ ቢሰጡት ውኃው ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው እንደሚችል አስረዱን። ስለ ገመዱ የተናገሩትን ባንጽፈው ይሻላል። ያ ጎልማሳ ሰው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ምን እንደ ሆነ አላወቅንም፤ ከሩቅ አገር ለለቀማ የመጣ ስለ ነበር በከተማችን የሚጠይቀው ዘመድ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ድረስ ስናስበው ልባችን ይከብደዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። አባታቸው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ልዕልት ፀሐይ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አንጽፍም፤ የቤተ መንግሥት ልጅ እንደሚያድግ በክብር አደጉ፣ እንግሊዝኛም ተማሩ። ይህ ቋንቋ በኋላ ማንም ላላሰበው ሥራ ጠቀማቸው።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን በኤርትራና በሶማሌ ወሰን ሠራዊቱን ማከማቸቱ ግልጽ ሲሆን ልዕልቲቱ 16 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስማቸው የገነነው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ለንደን ተቀምጠዋል። መደበኛ የነርስ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጣሊያን የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ጦርነቱን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ጊዜ ቁጠሩት፤ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው እንግዲህ ወጣቶች ተሰብስበው ቁስል ማጠብን፣ ፋሻ ማሠርን፣ ቁስለኛ በቃሬዛ መሸከምን በጥድፊያ የተማሩት። ከተማሩትም ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ቁስለኛ ያዩት በጦር ሜዳ ላይ ነው።

ሴቶቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ በሆኑበት የሴቶች ማኅበር ውስጥ የመኳንንት ሚስቶችና ልጆች ተሰብስበው ለወታደሩ ልብስ ይሰፉ፣ ፋሻ ይጠቀልሉ ጀመር። ልዕልት ፀሐይም በዚህ ሥራ ከሚደክሙት መካከል ነበሩ። ከሚሰፉት ነገሮች አንዱ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን የጨርቅ ጭምብል ነበር፤ ጠላት የመርዝ ጋዝ ይጥላል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ከእኛ ጉዳይ ጋር በጣም ይገናኛል። ከታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሊያኖች በተከዜ አካባቢና በሌላውም የሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ። የጣሉት ግን ኢፔሪት የሚባለውን ነበር። ይህ መርዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በሣሩ፣ በቅጠሉ፣ በውኃው ላይ ያርፋል፤ የነካውን ቆዳ ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ያቃጥላል፣ ውኃ እንደ ቋጠረ ቃጠሎ ያሳብጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ወታደሩ ደግሞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ነበር። የጨርቅ ጭምብል አፍንጫ ይሸፍን ይሆናል፤ እግርን ግን ምን ያድነዋል? መርዙ የነካው ሰው ወዲያውኑ ልብሱን አውልቆ በብዙ ውኃ መታጠብ እንዳለበት፣ የተጎዳውን የሚያነሣውም ሰው እጁን ሊጠብቅ እንደሚገባው አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። የሴቶቹ ድካምና ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ሌሊቱን ሁሉ የሰፉ ነበሩ። ግን ፍቅሩ ሊመጣ ስላለው መከራ እውቀት አልነበረውም። እኛ በአጋሮ መንገድ ያሠርነው ገመድ ትዝ ያለን ይህን ስናነብ ነው።

የቀይ መስቀል ምልክት ራሱ ጥላ ሊሆን አልቻለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ በጣሪያው ላይ ምልክቱ የነበረበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር ተደበደበ፤ ተኝተው የነበሩ ቁስለኞች በአልጋቸው እንዳሉ አለቁ። ልዕልት ፀሐይ ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ድብደባው ለዓለም ሴቶች አቤቱታ አሰሙ። ዓለም ሰማ፤ ከመስማት ያለፈ ግን ብዙ አላደረገም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተነሡ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። የስደቱ መኖሪያ ባዝ በምትባል ከተማ የነበረው ፌርፊልድ የተባለ ቤት ነው። ብርዱ ከባድ፣ ገንዘቡ ጥቂት ነበር።

በስደት ላይ ያለች የንጉሥ ልጅ ምን ታደርጋለች? በቤት ተቀምጦ ማዘን ይቻል ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ልዕልት ፀሐይ ግን ወደ ለንደን ሄደው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ተማሪ ሆነው ገቡ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ፣ በሕፃናት ሕክምና በዓለም የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ተማሪዋ በመጀመሪያ የምትማረው መርፌ መውጋት አይደለም፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል መወልወል፣ የሽንት ዕቃ ማጠብ፣ ሕፃናትን ማጉረስና ገላቸውን ማጠብ ነው። ለዋና ነርሷ መታዘዝ ግዴታ ነበር፤ የሌሊት ተራም አለ። ቀን ከሕመምተኛ ጋር ተውሎ ማታ ትምህርት ይጠናል። ይህም ለሦስት ዓመት ያህል ይቀጥላል።

እኛ በአዳራሻችን ሦስት እሑድ ብቻ ከተማርን በኋላ የምስክር ወረቀቱ መቼ ነው የሚሰጠን ብለን ጠይቀን ነበር። ሲስተር ሳቁብን።

ልዕልት ፀሐይ በ1931 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ትምህርታቸውን ፈጽመው የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። በዚያው ወር ማለቂያ ጀርመን ፖላንድን ወረረና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። እርሳቸውም የአዋቂዎችን ሕመም ለማስታመም የሚያበቃውን ተጨማሪ ትምህርት ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ገቡ። ጋይስ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በለንደን ድልድይ አጠገብ የሚገኝ ጥንታዊ ሆስፒታል ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን 1932 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር አዲስ ዓመት ሊብት አራት ቀን ሲቀረው የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን መደብደብ ጀመሩ፤ ከዚያም ሌሊት ከሌሊት ከሃምሳ ቀን በላይ አላቋረጡም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልዕልቲቱ የተማሩበት የሕፃናት ሆስፒታል ራሱ በቦምብ ተመታ። አገራቸው በቦምብ ስትደበደብ ፋሻ ከመጠቅለል በቀር ሌላ ነገር ማድረግ ያልቻሉት የ16 ዓመት ልጅ፣ አሁን የ20 ዓመት ነርስ ሆነው ነጭ ሽርጣቸውን ለብሰው በሌላ ሕዝብ ቁስለኞች አልጋ አጠገብ ቆሙ። የሚያስታምሟቸው እንግሊዛውያን በስደታቸው ጊዜ ያስጠጓቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ለንደን የርዳታ ሥራ ጥቂት ልንጨምር እንወዳለን፤ ምክንያቱም የልዕልቲቱ ሆስፒታል ሥራ ሊሠራ የቻለው ከሆስፒታሉ ውጭ ብዙ ሺህ ተራ ሰዎች ስለ ሠለጠኑ ነው። የአየር ጥቃት የሰፈር ጠባቂዎች ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1937፣ ማለትም ጦርነቱ ከመነሣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። አብዛኞቹ ጠባቂዎች ደመወዝ የሌላቸው ባለ ሱቆች፣ ጸሐፊዎች፣ የቤት እመቤቶች ነበሩ። የእያንዳንዱ ጠባቂ ዋና ሥራ አንድ ነው፤ በሰፈሩ በየትኛው ቤት ስንት ሰው እንደሚኖርና ሌሊት በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ ማወቅ። ቤቱ በፈረሰ ጊዜ ቆፋሪዎቹ መጥተው የሚጠይቁት እርሱን ነው፤ እርሱም ሦስት ሰው በደረጃው ሥር፣ አንዲት አሮጊት በጓዳ ብሎ ይነግራቸዋል። ያለ እርሱ ሙሉ ሌሊት ባዶ ቤት ሊቈፈር ይችላል። ቆፋሪዎቹም በየጊዜው ሥራቸውን ሁሉ አቁመው ጸጥ ይሉ ነበር፤ ከፍርስራሹ ሥር የሚመጣ ድምፅ እንዲሰማ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሆነውን ስታስቡት፣ የሁላችንም ጩኸት ከተቀበረው ሰው ድምፅ ይበልጣል።

ሌላም ነገር በዚያ ጊዜ ታወቀ። እግሩ ወይም ጭኑ በፍርስራሽ ሥር ለሰዓታት ተጭኖ የቆየ ሰው በሕይወት ወጥቶ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩላሊቱ ሥራ እያቆመ ይሞት ነበር። ባይዋተርስ የተባሉ ሐኪም ከጓደኛቸው ጋር ሆነው ይህን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1941 ጻፉ፤ የተጨፈለቀው ሥጋ መርዝ ወደ ደም እንደሚለቅና ኩላሊትን እንደሚያበላሽ ገለጹ። ከዚህ በኋላ ሰውየው ገና ከተጫነበት ሳይወጣ ፈሳሽ መስጠት አስፈላጊ መሆኑ ታወቀ። ይህን ለሲስተር ብንነግራቸው ዛሬም የሚሠራበት እውቀት ነው ብለው አረጋገጡልን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይም በዚያው ዓመት የክረምት ወራት ግድም ከእናታቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይዘው የተመለሱት አሳብ አንድ ነበር፤ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሆስፒታል እንዲቋቋምና በውስጡም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነርስነትን የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲከፈት። እርሳቸው አምስት ዓመት ያህል ከቤታቸው ርቀው የተማሩትን፣ የአገራቸው ልጆች በአገራቸው እንዲማሩት ፈለጉ። አንዲት ነርስ ስንቱን ታስታምማለች? አንዲት ነርስ ሃያ ነርስ ብታስተምር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በ1934 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ኮሎኔል አብይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ስለ ነበሩ አብረው ወደ ለቀምት ሄዱ። እኛ የጅማ ልጆች ለቀምትን ሩቅ አናደርጋትም፤ ዛሬ ነቀምት የምንላት ናት፤ በአጋሮ፣ በበደሌ አልፎ ዴዴሳን ተሻግሮ የሚኬድባት፣ እንደ እኛው የቡና አገር ናት። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር የበለጠው መንገድ በክረምት ምን ሊሆን እንደሚችል የእኛን የገጠር መንገድ በነሐሴ ያየ ሰው ይገምተዋል። ጦርነቱ ካለቀ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ ሐኪምም፣ መድኃኒትም፣ የሠለጠነ ረዳትም በአገሪቱ ሁሉ እጅግ ጥቂት ነበር።

ልዕልት ፀሐይ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ከተጋቡ አራት ወር አልሞላቸውም ነበር። ዕድሜያቸው 22 ነው። በለንደን ቦምብ መካከል ሌሎችን ያስታመሙ ሴት፣ በአገራቸው ሰላም በሆነ ጊዜ፣ የብዙ እናቶቻችንን አሟሟት ሞቱ። ይህን ያነበበችው የክፍላችን ልጅ ወረቀቱን አስቀምጣ ወጣች፤ እናቷን በወሊድ ያጣች ናት። የቀረነውም ያን ቀን ሌላ ነገር አልጻፍንም።

አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ፣ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ተቀበረ።

አሳባቸው ግን አልተቀበረም። በስደቱ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተከራከረች ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በአገራቸው ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ አቋቋሙ። ገንዘቡ ከብዙ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ተሰበሰበ፤ ሥራውም ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1944 ዓ.ም. የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ማሠልጠኛም ነበረው። ከአብዮቱ በኋላ ሆስፒታሉ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ በታክሲ ስትሳፈሩ ረዳቱ ጦር ኃይሎች እያለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። ሲልቪያ ፓንክኸርስትም በኋላ መጥተው አዲስ አበባ ኖሩ፤ በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ታሪኩ ይህ ነው። እኛ ግን ከጅማ ጋር ሳናያይዘው ልንተወው አልፈለግንም።

የጅማን ሆስፒታል በመጀመሪያ ያቋቋሙት ጣሊያኖች ናቸው፤ በ1930 ዓ.ም. ግድም ለወታደሮቻቸው ሕክምና ብለው ነው። ያን ጊዜ ልዕልቲቱ በለንደን የሕፃናት አልጋ እያነጠፉ ይማሩ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ በከተማችን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። የዚህ ትምህርት ቤት ልዩ የሆነው ነገር ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ከሕዝቡ መካከል እንዲማር መደረጉ ነው። ወደ አጋሮ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ በቡድን እየተላኩ የሚያጠኑትን ተማሪዎች ወላጆቻችን ያስታውሳሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ እንዳለና እንደሌለ ይጽፉ ነበር። አንዳንዶቹ ወላጆቻችን ግብር ሊጨመርብን ነው ብለው ልጆቻቸውን ደብቀው እንደ ነበር ነግረውን ሥቀናል።

የለንደኑ የሰፈር ጠባቂ መዝገብና የእነዚህ ተማሪዎች መዝገብ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። የእኛንም ሥራ ከዚያ ለመጀመር የወሰንነው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ውሳኔ ያበቃን ሌላም ኀዘን አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያልያዘውም በእጁ፣ ለማውጣት ሮጠ። እነርሱ ሲቈፍሩ ተራራው ሁለተኛ ተንዶ የሚቈፍሩትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ፤ በመካከላቸውም መምህራንና የጤና ሠራተኞች ይገኙባቸዋል። ለእነዚያ ሰዎች ፍቅር ጎደላቸው የሚል ማንም የለም። እኛም ብንሆን እንሮጥ ነበር፤ ልክ እንደዚያ።

ሲስተር በቀጣዩ እሑድ ስለዚህ ነገር ብቻ አስተማሩን። ተዳፋት ሥር ሲቈፈር ሁለት ሰው ከመቈፈር ተከልክሎ ወደ ላይ ብቻ እየተመለከተ ይቆማል፤ ፊሽካ ይይዛል፤ ሁሉም ፊሽካውን ሲሰማ ወደ የት እንደሚሸሽ አስቀድሞ ይስማማል። ዝናቡ ካላቋረጠ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ አይከማችም። መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ካሳየ፣ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ካዘነበለ፣ የምንጭ ውኃ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከደረቀ፣ ሰዉን ከቤት ማስወጣት እንጂ ጠዋት እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ከእኛ መካከል የጌራና የሊሙ ልጆች አሉ፤ ቡናው የተተከለበት ተዳፋት ምን ያህል እንደሆነ ያውቁታልና በጸጥታ ነበር የሰሙት። ከመካከላቸው አንዱ ተመልካች ሆኖ መቆም ከመቈፈር ይከብዳል አለ፤ ሰው እየተቀበረ እጅን አጣምሮ ላይ ላዩን ማየት እንዴት ይቻላል በማለት። ለረጅም ጊዜ ተከራከርንበት። እስካሁንም ይህን ሥራ በፈቃዱ የሚወስድ አላገኘንምና በዕጣ እንዲሆን ተስማምተናል።

በቀሩት እሑዶች ደም የሚፈስበትን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንን፣ የተሰበረ ክንድ በነጠላ ማንጠልጠልን፣ የቡና መሸከሚያ ጆንያና ሁለት አጣና አድርጎ ቃሬዛ መሥራትን ተለማመድን። የጆንያው ቃሬዛ በመጀመሪያ ሙከራ ተቀደደና ከእኛ መካከል ከሁሉ ወፍራም የሆነው ልጅ ወደቀ፤ ጉዳት አልደረሰበትም፤ ሥቀን ስንጨርስ ሲስተር ሁለት ጆንያ ደርበን እንድንደግም አዘዙን። የወገብ ጉዳት ያለበትን ሰው ማንሣት ግን ብዙ ጊዜ ደገምነው። አራት ሰው ያነሣል፣ አምስተኛው ጭንቅላቱን ይዞ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከእርሱ በቀር ማንም አይናገርም። በአጋሮ መንገድ የነበርነው አራታችን ይህን በተለማመድን ቁጥር ያ ጎልማሳ ሰው ከፊታችን ይመጣል።

በለቀማ ሰሞን ወደ ጎማና ወደ ሊሙ የቡና እርሻዎች ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንቱ በየትኛው ካምፕ እንደሚያድር ለማወቅ ገና አልሞከርንም፤ ይህ ከእኛ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። አሁን የያዝነው በከተማችን መካከል የሚያልፈውን የአዌቱን ወንዝ ዳር ነው። ሁለት ሁለት እየሆንን ከወንዙ አቅራቢያ ያሉትን ቤቶች እናንኳኳለን፤ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ መራመድ የማይችል አዛውንት ወይም ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርም እንዳለች ጠይቀን በደብተር እንጽፋለን። አንዲት እናት ለምን እንደምንጽፍ ከነገርናቸው በኋላ ቡና አፍልተው አስቀመጡንና የጎረቤቶቻቸውን ቤት ሁሉ እርሳቸው ራሳቸው ነገሩን፤ እኛ በሁለት ሳምንት የማንጨርሰውን በሦስት ስኒ ቡና ጨረስነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰፈር ተጽፎ አልቋል። ማዶው ይቀረናል፤ ክረምቱ ሳይገባ ለመጨረስ በየእሑዱ ከቀትር በኋላ ከድልድዩ ላይ እንገናኛለን።